ለንጉሡ የተመታ ክዳን

አሠሪዬን ጎጎ ነበር የምላቸው። በዙሉ አያት ማለት ነው፤ ቃሉን የለቀምኩት ኦሬንጅ ፋርም ሰፈር ካለው፣ ስፓዛ ከሚባለው የባለቤቴ ትንሽ ሱቅ ደንበኞች ነው። አይሁዳዊት ፈረንጅ ናቸው፤ ጎጎ ሲባሉ ይስቃሉ እንጂ አይቆጡም። ኮሮና የገባ ጊዜ በታክሲ ተጨናንቄ እየተመላለስኩ በሽታ እንዳላመጣባቸው ብዬ እዚያው ጆሃንስበርግ ቤታቸው ከረምኩ።

አንድ ወንድ ልጅ አላቸው። ጌታው ስለ ሃይማኖታቸው ሕግ የማያውቀው የለም። የሚበላውን፣ የማይበላውን፣ ቅዳሜ የሚከለከለውን፤ ከሁሉም ከሁሉም ደግሞ ሴት የማይፈቀድላትን። ድንቄም ሊቅ!

ፑሪም የሚሉት በዓል አላቸው። በእኛም መጽሐፍ ቅዱስ ያለው፣ ሕዝቧን ከእልቂት ያዳነች ንግሥት ታሪክ፣ አንዴ ማታ አንዴ ደግሞ በማግስቱ ቀን ከብራና ጥቅልል ላይ በዜማ ይነበባል። ወንዱም ሴቷም አንድ ቃል ሳያመልጣቸው መስማት አለባቸው። መስማት ነው ታዲያ። ሴት ለራሷ ብታነብ ግድ የለም፤ ለወንድ ግን፣ እንደ ልጁ አባባል፣ አይሆንም። እናቱ "ይቻላል ያሉ የጥንት ሊቃውንት አሉኮ" ቢሉት "እኛ በእነሱ አንሄድም" ብሎ ይዘጋቸዋል። ንግሥቲቱ ራሷ ከመቃብር ተነሥታ ብትመጣ "እሜቴ፣ ከመጋረጃው ወዲያ ተቀምጠው ያዳምጡ" ሳይላት አይቀርም።

ጎጎ ደግሞ ማንበብ ይችላሉ። አባታቸው በአንዲት ትንሽ ከተማ የምኩራብ አንባቢ ነበሩ፤ ወንድ ልጅ ስላልነበራቸው ዜማውን ለጎጎ አስተማሩ። ምን ዋጋ አለው? ዕድሜያቸውን ሙሉ ሴቶቹ ከሚቀመጡበት ፎቅ ላይ ሆነው በከንፈራቸው ብቻ ሲከተሉ ኖሩ። አንዳንዴ ድምፃቸው ያመልጣቸዋል፤ ሰው ዞር ሲል ቶሎ ብለው "ሳል ነው" ይላሉ።

"አንድ ቀን እንኳ ሰው እየሰማኝ፣ ጮክ ብዬ ሳላነበው ልሞት ነው?" አሉኝ። ይህን ሲሉ አልሳቁም። አንጀቴን በሉት።

ደግሞ እኔስ በማን ልስቅ? ጀርሚስተን ባለው ቸርቻችን ሴት መድረክ ላይ ወጥታ የምታነበው ማስታወቂያ ነው። ባለቤቴ የቸርቹ ሽማግሌ ነው፤ ነገሩን በስልክ ባነሳለት "እሱማ ሥርዓት ነው" አለኝ። እሱና የጎጎ ልጅ አንዲት እናት የወለደቻቸው ይመስላሉ።

ሁለተኛው የኮሮና ፑሪም ሲደርስ ልጁ ታመመ። ሚስቱና ልጆቹ እንዳይያዙ ብሎ እናቱ ግቢ መጥቶ፣ ጓሮ ባለችው አንድ ክፍል ገብቶ ተዘጋ። እናቱን ቢያሲዝስ? ያ ሕጉ ላይ የለም መሰለኝ። የማታውን ንባብ በስልክ ሰማ፤ ሰምቶ ሲያበቃ "በስልክ የተሰማ አይቆጠርም" እያለ ራሱን ሲያናድድ አደረ። ጎጎ የአባታቸውን ጥቅልል በሩ ላይ ላስቀምጥልህና የቀኑን ራስህ አንብብ አሉት። እንቢ አለ። ለካ ጥቅልሉ ላይ ያለው ፊደል አናባቢ የለውም፤ "በ" ይሁን "ቡ" ይሁን "ቢ" አንባቢው በልቡ ማወቅ አለበት፤ ጌታው ደግሞ አያውቅም! ማን ማንበብ እንደሌለበት ሲደነግግ የኖረ ሰው፣ እሱው ማንበብ አይችልም። አይ ጉድ!

ጠዋት ጎጎ ሊፕስቲካቸውን ተቀብተው የጓሮው በረንዳ ላይ ተቀመጡና ጥቅልሉን ዘረጉ። "እኔ የማነበው ለራሴ ነው" አሉ ጮክ ብለው፣ ፊታቸውን ወደ ጽጌረዳው አዙረው። የልጁ ክፍል መጋረጃ ተዘግቷል፤ መስኮቱ ግን ክፍት ነው።

"እማ!" አለ ከመጋረጃው ጀርባ የሻከረ ድምፅ። "ከንባቡ በፊት ስትባርኪ 'ለማንበብ' እንዳትዪ! ሴት የምትለው 'ለመስማት' ነው!"

ኧረ ወዲያ! ታሞም ቃል ያርማል። ጎጎ እንዳላቸው "ለመስማት" ብለው ባረኩና በገዛ አፋቸው ማንበብ ጀመሩ። እንዴት ያለ ድምፅ ነው ጌታ ሆይ! ያን የኮሰሰ ሰውነታቸውን ያየ ሰው ይህ ድምፅ ከእሳቸው ይወጣል አይልም። ቆሜ አለቀስኩ።

የእኔ ሥራ ጫጫታ ነበር። ሕዝቡን ሊያስፈጅ ያሰበው ክፉ ሹም በተጠራ ቁጥር ስሙ እንዳይሰማ ይንጫጫሉ፤ ስለዚህ እኔም ስሙን እዚህ አልጽፈውም። የድስት ክዳንና ጭልፋ ይዤ፣ መጀመሪያ ጎጎ በጣታቸው ሲጠቁሙኝ ብቻ እመታ ነበር። ኋላ ግን ጆሮዬን አመንኩ። ስሙን ከቸርች አውቀዋለሁ፤ በአማርኛ ሁለት ፊደል ነው፣ አለቀ። እነዚያን ሁለት ፊደሎች የሰማሁ መሰለኝና ባለኝ ጉልበት ኳ! ኳ! ኳ! አደረግኩት። ለካ በእነሱ ቋንቋ "ንጉሡ" የሚለውም ቃል በዚያው ዓይነት ድምፅ ነው የሚጀምረው።

"እሱ አይደለም፣ ንጉሡ ነው!" የሚል ጩኸት ከመጋረጃው ጀርባ መጣ። "እማ፣ ድገሚው! አልሰማሁም!"

ክዳኑን አወረድኩ። ጎጎ ጥቅልሉን እንደያዙ ቀስ ብለው ወደ መስኮቱ ዞሩ።

"ምንድን ነው የሰማሁት?"

መጋረጃው ትንሽ ተነቃነቀ። "ምንም… ሳል ነው" አለ ልጁ።

"አውቀዋለሁ ያንን ሳል" አሉ ጎጎ። "ከእኔ ነው የወረስከው።"

ወንበራቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩና፣ ከንጉሡ ጀምረው፣ ጮክ ብለው ደገሙለት።