የበር ሠሪዎቹ ድረ ገጽ

ቢሮ ውስጥ «ጥድፊያ» የሚል ስም ያወጣንላት ለቀልድ ነው። ደረጃ ስትወጣ ከኋላዋ ሰው ይሰለፋል። ምሳዋን ጀምራ ሳትጨርስ እኛ በልተን፣ ታጥበን፣ ሐሜቱንም አዳርሰን ወደ ሥራ እንመለሳለን። መተዳደሪያዋ ግን ማፍጠን ነው፤ የድርጅቶችን ድረ ገጽ ትመረምራለች፣ የሚያዘገየውን ነገር ፈልጋ ታገኛለች፣ ታስተካክላለች። እናቷ ይህ ሥራ እስከ ዛሬ አልገባቸውም፤ ጎረቤት ሲጠይቃቸው «ኮምፒውተር ትጠግናለች» ብለው ይገላገላሉ።

አሠራሯ ለብቻው ነው። እኛ ድረ ገጽ የምንፈትነው ወንበራችን ላይ ተደላድለን፣ በፈጣኑ የቢሮ ኢንተርኔት ነው። እሷ አክስቷ የጣለችውን፣ መስተዋቱ የተሰነጠቀ ስልክ ይዛ ምድር ቤት ትወርዳለች። እዚያ፣ በባዶ ካርቶኖች መካከል፣ ኔትወርክ አለ ከማለት የለም ማለት ይቀላል። «ደንበኛ የሚሸሸን እንዲህ ያለ ቦታ ቆሞ ነው» ትላለች። አንድ ቀን አብሬያት ወርጄ ነበር፤ ሰለቸኝና ትቻት ወጣሁ።

የበርና መስኮት ሠሪዎቹ ወደ እኛ የመጡት ሥራ ሲቀዘቅዝባቸው ነው። መሥራቹ አባት፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ካረፉ ቆይተዋል፤ አሁን የሚመራው ታላቅ ልጃቸው ነው። አዲስ ደንበኛ ጠፍቶ ማሽኖቹ ቆመዋል፣ ሠራተኞቹ ሰጋቱራው አጠገብ ተቀምጠው ወሬ ይሰልቃሉ። በዚሁ ከቀጠለ ወርክሾፑ መዘጋቱ ነው። ጥድፊያ ገጻቸውን ምድር ቤት ከፈተችው። ነጭ ሆኖ ቆየ። ቆየ። በመጨረሻ ሟቹ አባት በቪዲዮ ብቅ አሉ፤ አንድ ሰፊ በር ከፍተው፣ ፈገግ ብለው «ግቡ፣ ቤታችሁ ነው» ይላሉ።

«ጋሼ፣ የሚያዘገየው ይሄ ቪዲዮ ነው» አለችው ለልጅየው።

ፊቱ ጠቆረ። «አባቴን አውጥቼ ልጣል ነው የምትይኝ? ሰው እንዴት እንደሚወዳቸው አታውቂም። በየቀኑ ተመልካች አላቸው!»

ተመልካችስ ነበራቸው። ቀረብ ብላ ስታየው ግን አብዛኛው ጉብኝት ከአንድ ስልክ ነው፤ በየቀኑ አመሻሹ ላይ መጥቶ፣ ቪዲዮውን እስከ መጨረሻው አይቶ፣ ደግሞ ደግሞ አይቶ፣ የአንድ በር ዋጋ እንኳ ሳይጠይቅ የሚሄድ። ሌላው ጎብኚ ገጹ ሳይከፈትለት እግሬ አውጪኝ ይላል። ይህንኑ ነገረችው።

«የተፎካካሪ ሰላይ ይሆናላ» አለ።

እኔ ሳቄ መጣ፤ እሷ አልተከራከረችውም። ቪዲዮውን ለአንድ ቀን ብቻ፣ ለሙከራ፣ እንድታነሳው አስፈቀደችው። እያጉረመረመ እሺ አለ።

በማግስቱ ረፋዱ ላይ ወርክሾፑ ሄደን ገጹ እንዴት ቶሎ እንደሚከፈት ስናሳየው እናቱ ገቡ። ስልካቸውን በሁለት እጃቸው ይዘዋል፤ የአንድ እግር ጫማቸው በቅጡ አልገባም።

«የት አደረጋችሁት?» አሉ ልጃቸውን።

«ምኑን እማዬ?»

«አባትህን ነዋ! ትናንት ጠብቄ ጠብቄ ቀረብኝ።»

ሰላዩ ተገኘ። እናቱ ቪዲዮውን እንደሚያዩ ነግረውት አያውቁም፣ እሱም ጠይቋቸው አያውቅም። አሳዘነኝ፤ ደግሞም ተናደድኩበት፤ አንድ ቤት ውስጥ እየኖሩ!

ጥድፊያ ለእናትየው ወንበር አቀረበችላቸውና በዚያ በተለመደው ዝግታዋ ሥራዋን ቀጠለች። ለቪዲዮው ለብቻው ገጽ ሠራችለት፣ ክብደቱን ቀነሰችው፣ በእናትየው ስልክ ላይም አንዴ ሲነኩት የሚከፈት ምልክት አስቀመጠችላቸው። የድርጅቱ ገጽ በሮቹንና መስኮቶቹን ብቻ ይዞ ቀረ። ደንበኛው ከጊዜ በኋላ ተመልሷል፤ ይህን የምለው ወርክሾፑ ተዘጋ ወይ ብሎ ለሚጨነቅ ነው። እኔ የምነግራችሁ የዚያን ቀኑን ነው።

«ይንኩት እስቲ እናቴ» አለቻቸው።

ነኩት። ሟቹ ወዲያውኑ በሩን ከፍተው «ግቡ፣ ቤታችሁ ነው» አሉ። እናትየው ደንገጥ ብለው እጃቸውን ወደ ሻሻቸው ሰደዱ።

«ውይ! ሳልዘጋጅ መጣብኝ» አሉ። «እስኪመጣ ድረስ እኮ ፀጉሬን አስተካክዬ፣ ቁጭ ብዬ ነበር የምጠብቀው።»

ጥድፊያ ጥቂት አሰብ አደረገች። «እንደ ድሮው ቀስ ብሎ እንዲመጣ ላድርግልዎት?»

እናትየው ዓይናቸውን ከስልኩ ሳይነቅሉ «ተዪው ልጄ» አሉ። «ከሥራ ቶሎ ና፣ ቶሎ ና እያልኩ ስጨቀጭቀው ነው የኖርኩት። ይኸው ዛሬ ሰማኝ።»