በስድስተኛው ቤት የተያዙት አባ ደሴ

አባ ደሴ እስራኤል አገር ባለው የቤተ እስራኤሎች ሠፈር፣ በክርያት ሞሼ፣ የታወቁት በሁለት ነገር ነው፤ ሰባት ቤት በመቁጠርና ባልተጠየቁበት ሁሉ አስተያየት በመስጠት። ሁለተኛውን ማንም ይችለዋል እያሉ የሚያሟቸው አልጠፉም። በመጀመሪያው ግን የሚደርስባቸው አልነበረም።

ቆጠራው እንዲህ ነው። አንድ ወንድና አንዲት ሴት ሊጋቡ ሲያስቡ እስከ ሰባት ትውልድ ድረስ ዝምድና እንደሌላቸው መረጋገጥ አለበት። ስድስተኛው ላይ አንድ የጋራ አያት ብቅ ካለ ሠርጉ ቀረ ማለት ነው፤ አዳራሽ ተከራይተናል፣ ዘፋኝ ይዘናል ብሎ ነገር የለም። አባ ደሴ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ የጣታቸውን አንጓ እየዳበሱ፣ ሞተው መቶ ዓመት ያለፋቸውን ሰዎች እንደ ጎረቤት በስማቸው ይጠሯቸዋል። ወላጆች አጠገባቸው ቁጭ ብለው ትንፋሻቸውን ይዘው ይጠብቃሉ።

ከዚህ የተረፈው ጊዜያቸው ለአስተያየት ነው። ስለ ሞባይል ሲጠየቁ፣ ሳይጠየቁም፣ «ድሮ ሰው ብቻውን እያወራ መንገድ ለመንገድ ሲሄድ ዘመድ ተሰብስቦ ይይዘው ነበር፤ አሁን በየወሩ ይከፍልበታል» ይላሉ። በገበያ አዳራሹ ራሱን የሚከፍተውን በርም አይወዱትም። ማን ነህ ሳይል ለሁሉ የሚከፈት ከሆነ ግድግዳውን ቢያፈርሱት ይሻላል ባይ ናቸው። ትምህርትን በተመለከተ ደግሞ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ዋይዝማን የምርምር ተቋም ግቢ አትክልተኛ ስለነበሩ ብዙ ምሁር አይተዋል። የደረሱበትም ድምዳሜ ሰው በተማረ ቁጥር ማበጠር ይተዋል የሚል ነው። የልጃቸው ልጅ ሊሂ ኮምፒውተር ልትማር ኮሌጅ ስትገባ ማበጠሪያ ገዝተው ሰጧት።

ነገሩን ሁሉ ያመጣችው ይህችው ሊሂ ናት። ከአያቶቿ ጋር ስለምትኖር ቆጠራውን ከልጅነቷ ጀምሮ ስትሰማ አድጋለች። በፈረንጆች 2006 መገባደጃ፣ ዝናቡ መጣል በጀመረበት ሰሞን፣ ኮምፒውተሯን ይዛ አጠገባቸው ተቀመጠች። አያቷን የምትጠራቸው በዕብራይስጥ «ሳባ» እያለች ነው።

«ሳባ፣ እርስዎ የሚያውቁትን ስም ሁሉ ማሕሼቩ ውስጥ ብናስገባው እኮ በሰከንድ ይቆጥርልዎታል።»

«ይሄ ማሕሼቭሽ አያቱ ማን ይባላል?»

«አያት የለውም፣ ሳባ። ኮምፒውተር ነው።»

«አያት የሌለው ነገር ስለ አያት ምን ያውቃል?»

ውድድር ገጠሙ። የአንድ የቤኤር ያዕቆብ ከተማ ወጣትና የአንዲት የክርያት ዔቅሮን ልጅ ጉዳይ ነበር። ኮምፒውተሩ ገና ሲያጉረመርም፣ መጀመሪያ ጥቁር፣ ቀጥሎ ሰማያዊ ሲሆን፣ አባ ደሴ በሁለቱም ወገን ሰባት ቤት ቆጥረው፣ «ንጹሕ ናቸው፣ ይጋቡ» ብለው፣ ሻያቸውን አጋምሰው ነበር። ማሸነፋቸው ልባቸውን አራራው። ለዚህ ምስኪን ዕቃ እንኳ ቢሆን ዕውቀት አይነፈግም አሉና ሦስት ሳምንት ሙሉ እሳቸው ሲናገሩ ሊሂ ስትጽፍ ከረሙ።

አንድ ዓርብ ከቀትር በፊት አለቀ።

«ያላ ሳባ፣ እንሞክረው። ማንን ከማን?»

«የሚታወቀውን ስጪው። እኔንና ተናኜን።»

እማማ ተናኜ የአምሳ ዓመት የትዳር ጓደኛቸው ናቸው፤ ያን ጊዜ ወጥ ቤት ሆነው ሽንኩርት ይከትፉ ነበር። ሊሂ ጫን አደረገችው። ፊቷ ተለወጠ።

«ስድስት ይላል።»

«ምኑ ስድስት?»

«እርስዎና እማማ። ስድስተኛው ላይ አንዳርጌ የሚባል ሰው አለ። የሁለታችሁም አያት ነው።»

«ቫይረስ ነው» አሉ አባ ደሴ ወዲያው። ቫይረስ የሚባል በሽታ ኮምፒውተር እንደሚይዝ ከሬዲዮ ሰምተዋል።

ከዚያ ግን ዓይናቸውን ጨፈኑ። ቀኝ እጃቸውን ለራሳቸው፣ ግራውን ለሚስታቸው አደረጉና ቆጠሩ። ሁለቱ እጆች ስድስተኛው አንጓ ላይ ደረሱና ቆሙ። እንደገና ቆጠሩ። አንዳርጌ ከቦታው ንቅንቅ አላለም።

እስከዛሬ እንዴት ሳያውቁት ቀሩ ቢባል፣ ሰው የራሱን ጋብቻ አይቆጥርም። የሳቸውን የቆጠረው አጎታቸው ውቤ ነበር፤ ያኔ እሳቸው የሃያ ዓመት ጎረምሳ ነበሩ። የእማማ ተናኜን የእናት ወገን የተማሩት እዚህ አገር ከመጡ በኋላ ነው፤ እሱንም ለሌላ ሰው ሲቆጥሩ ትንሽ ትንሹን ለቃቅመው። ከራሳቸው ጎን አስቀምጠው አይተውት አያውቁም።

መጥፎው ነገር አባ ደሴ ለሰው ያዘዙትን ለራሳቸው የማይሸሹ ሰው መሆናቸው ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት ሁለት የሚዋደዱ ልጆችን በዚሁ በስድስተኛው ለያይተዋል፤ የልጅቷ እናት ስታለቅስ እንኳ አልተመለሱም። ስለዚህ ተነሡ፣ ፍራሻቸውን አንከብልለው ወደ ሚርፔሴት፣ ወደ ሰገነቱ ማለት ነው፣ አወጡት።

«እሑድ ጧት ቄሱ ዘንድ ሄጄ እናገራለሁ፤ እንደምመጣ በጎረቤት አስነግራቸዋለሁ» አሉ ከመስታወቱ ወዲያ ሆነው። «ትዳሩ ይፈርሳል። እስከዚያው እኔ እዚህ ነኝ።»

እማማ ተናኜ ቢላዋቸውን እንደያዙ መጥተው አዩዋቸው፣ ሊሂን አዩ፣ ኮምፒውተሩን አዩ። ወደ ሽንኩርታቸው ተመለሱ። ምሳ ሲደርስ ሰሐኑን ለሊሂ ሰጡና «እኅትህ ልካልሃለች ብለሽ ስጪው» አሉ።

አባ ደሴ ምሳውን በሉ። ተናደዋል፣ ግን በሉ። ወጡ ደግሞ ሲጣፍጥ ለጉድ ነው። በማግስቱ፣ በሰንበቱ፣ ዝናብ ጣለ። ፎጣ ራሳቸው ላይ ጣል አድርገው ቁጭ እንዳሉ ከታች የሚያልፍ ጎረቤት ሁሉ «አባ ደሴ፣ ምን ሆነው ነው?» ይላቸዋል። «አየር እየወሰድኩ ነው» ይላሉ። እንዲህ ያለ አየር የሚወስድ ሰው ሠፈሩ አይቶ አያውቅም።

ሊሂን ግን ሳቅ አልመጣላትም። በጥፋተኝነት ጥፍሯን ስትበላ ዋለች። አመሻሹ ላይ የሰገነቱን በር ገርበብ አድርጋ አንገቷን አወጣች።

«ሳባ፣ እናንተ ዘመድ ከሆናችሁ አባዬ ምን ሊባል ነው? እኔስ ምንድን ነኝ?»

አባ ደሴ በጣታቸው አንጓ ሞከሩት። የሰው ሁሉ ዝምድና የሚፈታላቸው ሰው ይህኛው አልፈታ አላቸው።

«አንቺ ተማሪ ነሽ» አሏት በመጨረሻ። «ግቢ፣ ብርድ ይመታሻል።»

እሑድ ጧት አባ ደሴ የሠርግ ኮታቸውን ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን ደፍተው፣ በትራቸውን ይዘው ወደ በሩ ሄዱ። እማማ ተናኜ በሩ ላይ ወንበር አስቀምጠው ተቀምጠውበት ነበር።

«ተነሺልኝ፣ ተናኜ።»

«ቄሱን ምን ልትላቸው ነው?»

«እውነቱን። ውቤ ተሳስቷል። አንዳርጌ ሳይታየው ቀርቷል።»

«ውቤ አልተሳሳተም። ዘሎት ነው።»

አባ ደሴ በትራቸውን ጣሉ። «አንቺ በምን አወቅሽ?»

«ሲቆጥር ከአጥሩ ጀርባ ሆኜ እሰማ ነበር። እናቴ ስታስቆጥረኝ ነው ያደግኩ። አንዳርጌ ጋ ሲደርስ ጉሮሮውን ጠረገና ቀጣዩን ስም ጠራ። አባቴም ሰማ፣ እኔም ሰማሁ።»

«ሰምተሽ ዝም አልሽ? አምሳ ዓመት?»

«ሠላሳ ሁለት ጥንድ ስትቆጥር አጠገብህ ተቀምጬ ሰምቻለሁ፤ ሦስቴ ስተህ በጠረጴዛ ሥር በእግሬ ነክቼሃለሁ። እግሬን የምዘረጋ መስሎህ ነበር አይደል?»

አባ ደሴ ግድግዳውን ያዙ። ኃጢአቱ አንድ ነገር ነው፤ ይህኛው ግን ጭራሽ ያልጠበቁት ነበር። ሊሂ ኮሪደሩ ላይ አፏን ይዛ ቆማለች።

«ያን ቀን ብትናገሪ ኖሮ...» አሉና አቋረጡት።

«ብናገር ኖሮ ለሌላ ሰው እዳር ነበር። አንተ እኮ ከአጥሩ ወዲያ ነበርክ። በስንጥቁ አየሁህ። ሽማግሎቹ ስለ አንተ ሲከራከሩ አንተ ከአንድ የበግ ግልገል ጋር ሽቅብ ቁልቁል ትጫወት ነበር። ይሄ ሰው ቤቴ ውስጥ ቢኖር አልኩ። እስከ አምስት ድረስ ከውቤ ጋር ቆጠርኩ፣ ከዚያ ተውኩት።»

አባ ደሴ ሚስታቸውን አዩ፤ በወጉ፣ አዲስ ሰው እንደሚታይ አዩዋቸው። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር፣ ዝናቡ ነው እንዳይሉ ደግሞ ቤት ውስጥ ናቸው። ቀስ ብለው ባርኔጣቸውን አወለቁና እማማ ተናኜ ጭን ላይ አስቀመጡት።

«ሊሂ፣» አሉ ዞር ሳይሉ፣ «በዚያ በሞባይልሽ ለቄሱ ደውይልኝ። አባ ደሴ ዛሬ አይመጡም በያቸው።»

«ቤሰደር፣ እሺ ሳባ። ለምን ካሉኝስ?»

«ገና ቆጥሬ አልጨረስኩም በያቸው።»