ያላሳየኋቸው ሁለተኛ ሳጥን

ትምህርት ቤታችን የተማሪዎችን ሥራ በኢንተርኔት ለመስጠትና ለማረም ሲወስን፣ መምህራኑን የማለማመዱ ኃላፊነት ለእኔ ተሰጠ። በዕድሜ ከሁሉም አንሳለሁ፤ ጅግጅጋ ስማርም ተመሳሳይ ፕላትፎርም ተጠቅሜያለሁ። ሰባት ተራ ቁጥር ያላት የአንድ ገጽ መመሪያ አዘጋጀሁ። ርእሰ መምህሩ አይተው አመሰገኑኝ።

የስምንተኛ ክፍል ሒሳብ የሚያስተምሩት ጋሼ ከድሬዳዋ መጥተው እዚህ ሐርጌሳ የከረሙ ሰው ናቸው፤ ከእኔ ጋር የምናወራው በአማርኛ ነው። ደብተር ሲያርሙ ከሥሩ ለልጁ አንድ መስመር ይጽፋሉ፣ ከዚያ አጥፈው ለባለቤቱ በእጁ ይሰጣሉ።

«ያቺን መስመሬን ልትወስጂብኝ ነው?» አሉኝ።

«የለም ጋሼ፣ ደብተር ላይ እንደሚጽፉት እዚህ ሳጥን ውስጥ ይጻፉ።»

«ብዕር የለ፣ ጣት ብቻ። ወላሂ በጣቴ አስፈርመሽ ልትሸጪኝ ነው።»

ሳጥኑ ግን ሁለት ነበር። አንዱ ላይ የተጻፈውን ክፍሉ በሙሉ ያየዋል፤ ሌላው ከተማሪው ሥራ ጎን ያለ ሲሆን ለእሱ ብቻ ይደርሳል። ሁለቱንም ባሳያቸው ግራ ይጋባሉ ብዬ የመጀመሪያውን ብቻ አሳየኋቸው። ለጀማሪ ነገር መቀነስ ጥሩ ማስተማር ይመስለኝ ነበር።

ከከተማው ዳር ካለው ሰፈር ከአያሃ የምትመጣ፣ ሒሳብ የምትወድ አንዲት ዝምተኛ ተማሪ ነበረቻቸው። እዚህ ቅዳሜም የትምህርት ቀን ነው። አንድ ማታ እንዲህ ብለው ጻፉላት፤ «ቅዳሜ የምትቀሪው ከእናትሽ ጋር ድንጋይ ለመሸከም እንደሆነ አውቃለሁ። አትፈሪ፤ ያመለጠሽን በእረፍት ሰዓት አሳይሻለሁ።»

ጠዋት ክፍል ስትገባ አንዷ «ድንጋዩን የት አስቀመጥሽው?» አለቻት። ሌሎቹ ሳቁ። ልጅቷ በእረፍት ሰዓት ቦርሳዋን ይዛ ወጣች፤ በማግስቱም አልመጣችም።

ጋሼ ስልካቸውን ይዘው ወደ እኔ መጡ።

«ልጄ፣ ይሄን ማን ማን ያየዋል?»

«ክፍሉ በሙሉ።»

ወንበር ስበው ተቀመጡ። ጽሑፉን አጠፋሁትና ሁለተኛውን ሳጥን አሳየኋቸው።

«ይሄ መጀመሪያም እዚህ ነበር?»

«ነበር።»

ርእሰ መምህሩ ሲጠይቋቸው «ዓይኔ ደክሟል፣ ተሳሳትኩ» አሉ። አጠገባቸው ቆሜ ነበር። አፌን ከፍቼ ጥፋቱ የእኔ ነው ማለት አቃተኝ። የተመሰገንኩባት መመሪያ ግድግዳው ላይ ነበረች።

ከሰዓት በኋላ ከጋሼ ጋር በሚኒባስ አያሃ ሄድን። እናትየው በር ላይ ተቀበለችን። ያን ጊዜ በሶማልኛ፣ ስህተቱ የእኔ እንጂ የእሳቸው እንዳልሆነ ነገርኳት። ጋሼ ዘወር ብለው አዩኝ።

ልጅቷ ከመጋረጃው ኋላ ሆና «ጠፍቷል?» አለች።

«ከገጹ ጠፍቷል።»

«ከስልካቸውስ?»

ፎቶ ያነሱት እንዳሉ ሰምቻለሁ። ልዋሻት አልፈለግሁም።

«ከስልካቸው ማጥፋት አልችልም።»

እናትየው «ኢንሻአላህ ትመጣለች» አለችን።

አሁን ሦስተኛ ሳምንቱ ነው። የጋሼንና የእኔን ክፍል የሚለየው ስስ ጣውላ ነው። ጠዋት ጠዋት ስም ሲጠሩ ይሰማኛል። እሷ ጋ ሲደርሱ ስሟን ይጠራሉ፤ ትንሽ ይጠብቃሉ፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው ያልፋሉ።