ቀርከሃው ሲወዛወዝ

ልጅ ሳለሁ፣ ከእንጅባራ ወጣ ብሎ ባለው ቀያችን፣ አያቴ ከአደን በፊት ተኩስ ሲለማመዱ አይ ነበር። ሌሎቹ አዳኞች በደረታቸው ተኝተው ጣሳ ይመታሉ፤ እሳቸው ግን ያንን ተኩስ አይሉትም። ዳገቱን በሩጫ ወጥተው፣ ትንፋሻቸው ሳይመለስ ተንበርክከው፣ ምንሽራቸውን ባላ እንጨት ላይ አስደግፈው፣ እኔ ቁጥቋጦ ውስጥ ሸሽጌላቸው የመጣሁትን ቅል ይፈልጋሉ። ጥይት ስለማይገኝ አብዛኛውን ጊዜ ባዶውን ነበር የሚስቡት። ያም ሆኖ ቅሉ ሙሉ ሆኖ ካልታያቸው ቃታውን አይነኩም።

ሲመሽ ምድጃው ዳር ተረት ይነግሩኛል። ያኔ ከፍሙ በቀር መብራት ስላልነበረን ፊታቸው ግማሹ ብቻ ነበር የሚታየኝ። አንድ ምሽት፣

«አባባ፣ ድኩላ አግኝተው ለምን ሳይተኩሱ ይመለሳሉ?» አልኋቸው።

ተረት የሚጀምሩ መስሎኝ ተጠጋሁ።

«ጎረምሳ ሳለሁ ቀርከሃው ሲወዛወዝ አየሁ። ድኩላ ነው ብዬ ተኮስሁ። ወንድሜ ነበር፤ ቀርከሃ ሊቆርጥ ገብቶ።»

ይህን ብለው እሳቱን ቆሰቆሱ። ጭሱ ዓይኔን እየለበለበኝ እንኳ ፈቀቅ ማለት ፈራሁ።

ሳምንት ሳይሞላ፣ ጉም በወረደበት አንድ ከሰዓት፣ የጠፋች ጥጃ ፍለጋ ቀርከሃው ውስጥ ገባሁ። ቅጠሉን ገለጥ ሳደርግ አፈሙዝ ፊት ለፊቴ ነበር። ከኋላው አያቴ፣ ዳገት ወጥተው ኖሮ እያለከለኩ፤ አፈሙዙ ከትንፋሻቸው ጋር ከፍ ዝቅ ይላል።

«ማነው?» አሉ።

ድምፄ ጠፋኝ። በመጨረሻ አፈሙዙን ወደ መሬት አወረዱ። እያለቀስሁ ስወጣ ጭቃው ላይ ቁጭ ብለው፣ በአዊኛ የወንድማቸውን ስም ደጋግመው ይጠሩ ነበር። ቀና ብለው ሲያዩኝ፣ «ሙሉሽን አላየሁሽም፤ ጆሮሽን ብቻ ነው ያየሁት» አሉኝ። ከዚያ ቀን ወዲያ ለአደን አልወጡም፤ ተረትም አልነገሩኝም።

ካረፉ ቆይተዋል። እኔ ግን ዛሬም ቀርከሃ መሀል የምገባው ስሜን ጮክ ብዬ እየጠራሁ ነው። ባለቤቴ ይስቅብኛል። እሱ ሲስቅ፣ ያ የማላውቀው የአያቴ ወንድም ትዝ ይለኛል፤ እሱን «ማነው?» ብሎ የጠየቀው ሰው አልነበረም።