የአንገር በሬዎች ደም

ሐረግወይን መሸሻ ነቀምት ከተማ ውስጥ በአንድ ትንሽ የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች። አባቷ ከሸዋ የመጡ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበሩ። እሷ ግን ነቀምት ተወልዳ ነቀምት ያደገች ስለሆነች ገበያ ስትወጣ ኦሮምኛዋ ይቀድማል። የሥራ ባልደረቦቿ ቁጡ ናት ይሏታል፤ እውነትም ቁጡ ነበረች። በተለይ ከ1978 ዓ.ም. ወዲህ።

በዚያ ዓመት የካቲት ላይ አቶ ወልደሩፋኤል የሚባሉ ገበሬ በላቦራቶሪው መኪና ተጭነው መጡ። በሰፈራ ከወሎ ተነሥተው አንገር ጉቲን የወረዱ ሰው ናቸው። ሹፌሩ ሞረዳ በሩን ከፍቶ አስገባቸው።

«አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርሽ፣ ሐረጌ? እኚህን አባት መንገድ ላይ ነው ያገኘኋቸው። በእግራቸው ነበር የሚመጡት።»

አቶ ወልደሩፋኤል አልተቀመጡም። «ለመንደራችን የተሰጡን አሥራ አራት በሬዎች ናቸው። ይበላሉ፣ ይጠጣሉ፣ ግን ይከሳሉ። ጠጉራቸው ቆሟል። የአገሩ ሰዎች ገንዲ ነው፣ የቆላ ዝንብ ነው የሚያመጣው ብለውናል። መርፌውን ስጡን፣ ልጄ።»

መርፌውን በቃል ብቻ መስጠት ክልክል ነበር። የላቦራቶሪው ኃላፊ ጓድ ዋጋሪ ያወጣው ደንብ፣ የበሽታው ተውሳክ በማይክሮስኮፕ ካልታየ መድኃኒት አይወጣም ይላል። ሐረግወይን በማግስቱ አንገር ወርዳ የአሥራ አራቱንም ደም ቀዳች፣ በበረዶ ሣጥን ይዛ ተመለሰች፣ ቀኑን ሙሉ ማይክሮስኮፑ ላይ ተደፍታ ዋለች። ምንም የለም። በሳምንቱ እንደገና ወረደች። አሁንም የለም።

በሽታው ሲቆይ ተውሳኩ ደም ውስጥ እንደሚሳሳ ታውቃለች። አለ፣ ግን ቀዩ የደም ሕዋስ በብዛቱ ይጋርደዋል። ቀዩን ከመሃል የሚያወጣላት ነገር ያስፈልጋታል።

ደብረ ዘይት ስትማር አንድ መምህር ያሳያቸው ዘዴ ትዝ አላት። ክሮማቶግራፊ ይባላል። ከሴሉሎስ የተሠራ ነጭ ዱቄት ሲሪንጅ ውስጥ ይሞላል፤ ደሙ በጨው ውሃ ተበርዞ ከላይ ይፈስበታል። ዱቄቱ ማግኔት ብረት እንደሚስበው ቀዩን ሕዋስ ስቦ ያስቀራል፣ ተውሳኩን ግን ይለቀዋል። ከታች የሚንጠባጠበው ንጹሕ ውሃ ውስጥ ተውሳኩ ብቻውን ይገኛል። ከዚህ ዱቄት አንድ ጣሳ በእርዳታ መጥቶ ሳይከፈት መጋዘን ውስጥ ተቀምጦ ነበር።

ዋጋሪ ደብረ ዘይት አብሯት የተማረ ሰው ነው። ያኔ ሐረግ ነበር የሚላት።

«ጓድ ሐረግወይን፣ ይህ ዕቃ በመመሪያችን የለም» አላት።

«መመሪያው ውስጥ ባይኖርም መጋዘናችን ውስጥ አለ።»

ፈረመላት፤ ለመፈረም ግን ስድስት ቀን ፈጀ።

ከዚያ የውሃው ጣጣ መጣ። የላቦራቶሪው የውሃ ማጣሪያ ከተቃጠለ ዓመት አልፎታል። በፈላ የቧንቧ ውሃ ብትሞክረው ተበላሸባት። ሞረዳ ከአንድ ጋራዥ ለባትሪ የሚጨመር የተጣራ ውሃ ለምኖ አመጣላት። በዚያ ጨውና ግሉኮስ በጥብጣ፣ ከበሬዎቹ እንደገና የቀዳችውን ትኩስ ደም ጨምራ፣ ሲሪንጁ ሥር ብልቃጥ ደቅና ቁጭ አለች። የወረደው ቀይ ነው። ዱቄቱን አጥባ ደገመችው። ቀይ። ሦስተኛ፣ አራተኛ፣ ቀይ። አንድ ቀን ሊሳካልኝ ነው ብላ ስትጣደፍ የፖለቲካ ውይይት ክበብ ሰዓት ደረሰና ሥራውን ጥላ እንድትሄድ ታዘዘች። ስትመለስ ዱቄቱ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። በሚቀጥለው ስብሰባ ደግሞ አርፍዳ በመምጣቷ ግለ ሂስ አድርጊ አሏት።

«ጥፋቴ የአንገር በሬዎች እንዳይሞቱ መፈለጌ ነው» አለች። ማንም አልሳቀም። ማስጠንቀቂያ ተጻፈባት።

ጣሳው ውስጥ የነበረውን ወረቀት ለስንተኛ ጊዜ ስታነብ ነው የገባት። የጨው መጠኑ የተለካው ለአይጥ ደም ነው! የበሬ ቀይ ሕዋስ ዱቄቱን የሚይዘው ከአይጡ ላላ ብሎ ቢሆንስ? ጨው ሲበዛ መያዣው ይላላል፤ ስለዚህ ጨውን ማቅጠን ነው። ጥቂት በጥቂት አቀጠነችው። በአራተኛው ቅጥነት ቀዩ ደም ከላይ ረግቶ ቀረ። ከታች ውሃ የመሰለ ጠብታ ወረደ።

ያንን በእጅ በሚዞረው ሴንትሪፉጅ አዙራ ዝቃጩን ተመለከተች። ተውሳኮቹ እየተርገፈገፉ ይዋኛሉ። ሞረዳን ጠርታ አሳየችው። የአሥራ አራቱንም በሬዎች ደም በየተራ አሳልፋ ስታይ በአሥራ አንዱ ላይ በሽታው ተገኘ።

ውጤቱን ጽፋ፣ ፈርማ፣ ወደ ዋጋሪ ገባች። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበው።

«በሬዎቹ ጤነኛ ናቸው፣ የጎዳቸው የመኖ እጥረት ነው ብለን ለበላይ አካል ከጻፍን ሦስት ሳምንት ሆነን።»

«ማነው የጻፈው?»

«የአንቺን ውጤት ይዤ ነው የጻፍኩት። የለም ብለሻል።»

«አላየሁም ነው ያልኩት!»

«አሁን ተሳስተናል ብዬ ልጻፍ? ናሙናው አዲስ አበባ ሄዶ ይረጋገጥ።»

ናሙናው በመጋቢት መጨረሻ ሄደ። ሚያዝያ አለፈ፣ ግንቦት አለፈ። በየሳምንቱ ዋጋሪ ቢሮ እየገባች ጠየቀች፤ በየሳምንቱ «እየተጠበቀ ነው» አላት። ሰኔ ሃያ ላይ መልሱ መርፌውን ከሚፈቅድ ደብዳቤ ጋር መጣ። የሐረግወይን ውጤት ትክክል ነው ይላል።

እሷና ሞረዳ ያንኑ ቀን በጭቃው መንገድ እየተንሸራተቱ አንገር ወረዱ። በሕይወት የቆዩት አምስት በሬዎች ብቻ ነበሩ፤ አምስቱም ከስተዋል። የዘር ጊዜው እያለፈ ስለነበር መንደርተኛው መሬቱን በዶማ እየቆፈረ ነው። አቶ ወልደሩፋኤል ከእርሻቸው ወጥተው አንዱን በሬ በቀንዱ ያዙላት። መርፌውን ወጋች።

«እነዚያንስ ቀድመሽ ብትወጊልን ምን ነበረበት?» አሏት፣ ሳይቆጡ።

«ያኔ አላየሁትማ፣ አባቴ። ካየሁትም በኋላ አላመኑኝም።»

«እኛ እኮ አይተነው ነበር።»

ወደሚቀጥለው በሬ ሄደች። ከአምስቱ አራቱ ዳኑ።

በዓመቱ መጨረሻ ሪፖርት ላይ አዲሱ ዘዴ የላቦራቶሪው ውጤት ተብሎ ተጻፈ። ስሟ አልነበረበትም፤ እሷን ያናደዳት ግን እሱ አይደለም። የሞቱት በሬዎች «በመኖ እጥረት» በሚለው ዓምድ ሥር እንደተቆጠሩ ቀርተዋል። ዋጋሪ ዘንድ ገብታ እንዲያርመው ለመነችው፤ «ታትሟል» አላት። ከዚያ ወዲያ የምርመራ ቅጽ በመጣ ቁጥር ከበሽታ «ነጻ» የሚለውን የታተመ ቃል በእስክሪብቶ እየሰረዘች «አልታየም» ብላ ትጽፍበት ጀመር። ስለ ቅጽ ማበላሸት ሁለት ጊዜ ደብዳቤ ደርሷታል። መሰረዟን ግን አልተወችም።