የመኮንኑ ሚስት ማበጠሪያ መንትያ

አባቴ በሕይወቱ ለእናቴ የገዛላት ጌጥ አንድ ነው፤ እሱንም ሳያይባት ቀረ።

ጸጉር ተሰብስቦ ከኋላ የሚያዝበት፣ አናቱ እንደ ዳንቴል የተፈለፈለ ማበጠሪያ ነበር። ከሩቅ ከኤሊ ልባስ የተሠራ ይመስላል እንጂ ሴሉሎይድ የሚሉት የድሮ ፕላስቲክ ነው። በጋቢ ሲያሹት መድኃኒት መድኃኒት ይሸታል። ገዛ ባንዳ የሚባለው ሰፈር ይኖሩ የነበሩ አንዲት ጣሊያናዊት አሮጊት ጓዛቸውን ሸጠው ወደ ሀገራቸው ሲገቡ፣ ማኪናቸውን ይጠግንላቸው የነበረው አባቴ ከእሳቸው ገዛው። መንትያ ነበረው። መንትያውን በዚያው ሳምንት የመኮንኑ ሚስት ገዛችው።

መኮንኑ ከነቤተሰቡ ከአዲስ አበባ ተዛውሮ የመጣ ነው። የምንኖረው በአንድ ግቢ ነው፤ ቪላው የእሱ፣ ከጓሮ ያሉት ሁለት ክፍሎች የእኛ። ሚስቱ ያን ማበጠሪያ ከራሷ አታወርድም፤ ገበያ ስትሄድ፣ ቤተ ክርስቲያን ስትስም፣ በረንዳ ላይ ፀሐይ ስትሞቅ ሳይቀር። እናቴ ግን የራሷን አንድ ቀን እንኳ አላደረገችውም።

ምክንያት ነበራት። እኛ እዚያ ግቢ በገባን ሰሞን የመኮንኑ ቤት ሠራተኛ ጉትቻ ሰርቀሻል ተብላ ጣቢያ ተወስዳ ነበር። ጉትቻው ኋላ ከሶፋ ሥር ተገኘ። ልጅቷ ተፈትታ ዓዲ ኣበይቶ መንደር ወደ እናቷ ቤት ስትመለስ ይቅርታ ያላት የለም።

«ሴትዮዋ የኔ ነው ብትለኝስ?» ትላለች እናቴ።

«በገንዘቤ የገዛሁትን!» ይላል አባቴ።

«ገንዘብህ አማርኛ ይችላል?»

በቤታችን አማርኛ የምችለው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ያውም «ሐ»ን እንደ ቤታችን ቋንቋ ከጉሮሮዬ ስለማወጣት የሚሳቅብኝ የትምህርት ቤት አማርኛ።

ስለዚህ ማበጠሪያው በጥጥ ተጠቅልሎ፣ በላስቲክ ታስሮ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ገባ። ክዳኑም ዙሪያውን በሰም ተደፈነ። እናቴ ስትሸሽግ እንዲህ ናት። በየበዓሉ አባቴ «ዛሬስ?» ይላታል።

«ኣይፋልን፣ ዛሬስ አይሆንም፤ ልጃችን ስትዳር። ዘመድ በሞላበት ቀን ማን ሌባ ይለኛል?»

እኔም ተዳርኩ። በሠርጌ ጠዋት ከሙሽራዋ ይልቅ የቸኮለው አባቴ ነበር። ተላጭቶ፣ ሙሉ ልብሱን ለብሶ ደጃፍ ላይ ቆሟል። እናቴ ጸጉሯን ሰብስባ ቁጭ አለችና ሰሙን በቢላ ፋቀችው። መጀመሪያ የወጣው ሽታው ነው፤ አቼቶ አቼቶ የሚል፣ ዓይን የሚለበልብ። ቆርቆሮው ውስጡ ዝጓል፤ ጥጡ ቡናማ ሆኗል። ማበጠሪያውን ስታነሣው በእጇ ላይ እንደ ደረቀ ዳቦ ተፈረፈረ። ኋላ እንደሰማሁት ያ ፕላስቲክ አየር ይፈልጋል፤ ሲታፈን ከራሱ የሚወጣው ትነት ራሱኑ ይበላዋል።

እናቴ ፍርፋሪውንና ከዳንቴሉ አናት የተረፈውን ስባሪ ይዛ እንደተቀመጠች የመኮንኑ ሚስት እንኳን ደስ ያላችሁ ልትል ገባች። የእሷ ማበጠሪያ ከራሷ ላይ ያበራል።

«ውይ! የኔው መንትያ አይደለም እንዴ? ምነው እስከ ዛሬ ሳትነግሪኝ! አብረን እናደርገው ነበር እኮ!» አለች። ወዲያው ከራሷ ነቅላ እናቴ ጸጉር ላይ ሰካችው። «ለዛሬ የኔን አድርጊ። እንዴት ያምርብሻል!»

ክፉ ሴት አልነበረችም። ምነው ክፉ በሆነች! እናቴ በከንቱ እንዳልፈራች የምናውቀው እኛ ነን፤ እሷ ግን ያቺን የጉትቻውን ልጅ ረስታታለች።

«የቐንየለይ፣ እትዬ» ብላ አመሰገነቻት እናቴ፣ አንገቷን ደፍታ።

አባቴ ወደ እኔ ዞሮ «እንታይ ኢላ?» አለኝ።

«ያምርባታል አለች» አልኩት።

የእናቴን ራስ አየት አደረገ። «እወ» አለና እንግዳ ሊቀበል ወደ ዳሱ ወጣ። በሠርጌ ፎቶግራፍ ላይ ሁላችንም ወደ ካሜራው እናያለን፤ እሱ ብቻ ወደ አጥሩ። ያን ፎቶ አልሰቀልኩትም፤ ሳየው ያናድደኛል።

እናቴ ራሷ እንደነገረችኝ፣ በማግስቱ ማበጠሪያውን አጥባ፣ በነጠላዋ ጫፍ አድርቃ ወደ ቪላው ወሰደችው። ከማስረከቧ በፊት አዲሷን ሠራተኛ ጠርታ ጥርሱን አንድ በአንድ አስቆጠረቻት፤ ኋላ ጎደለ እንዳይባል።