ወናፍ ለሚያውቅ ሰው

ኔታ ሥራዋ ምን እንደሆነ ለአባቷ አስረድታው አታውቅም ነበር። ሠላሳ ስድስት ዓመቷ ነው፤ አሥራ አራቱን ዓመት ጋላክሲዎች እንዴት እንደሚፈጠሩና እንዴት እንደሚያረጁ ስትመረምር ነው የጨረሰችው። በዕብራይስጥ ብትጠይቋት ስታወራ ትውላለች። በአማርኛ ግን «ደህና ነኝ»፣ «በላሁ»፣ «እመጣለሁ» ካለች በኋላ አፏ ይያዛል። ኢየሩሳሌም፣ ኔቬ ያዕቆብ ሰፈር ተወልዳ ያደገች ልጅ ከዚህ በላይ ከየት ታምጣ? የአባቷ የአቶ ፈጠነ ዕብራይስጥ ደግሞ ከሐኪም ቤትና ከአውቶቡስ አያልፍም።

በየሰንበቱ «ዛሬስ ምን አየሽ?» ይላታል። «ኮከብ» ትለዋለች። «እሱንማ እኔም አየዋለሁ» ብሎ ይስቃል። እሷም ትስቃለች።

ፈጠነ ጎንደር ሳለ ብረት ቀጥቃጭ ነበር። ማረሻ የሠራለት ገበሬ ሁሉ ዞር ሲል «ቡዳ» ይለዋል። ኢየሩሳሌም መጥቶ ጡረታ እስኪወጣ የትምህርት ቤት በር ጠበቀ። ልጁ ዶክተር ስትባል ጎረቤቶቹ «የምን ዶክተር ናት?» ቢሉት መልስ አጣ። ያንን ቀን ኔታ አጠገቡ ነበረች። በሰው ፊት አንገቱን ሲደፋ አይታ እንደዚያ ቀን ተቆጭታ አታውቅም።

ብርዱ ሲገባ የአባቷ ልብ ደከመ፤ ኔታም ጊዜ እንደሌላት ገባት። እዚያው ኢየሩሳሌም፣ ኢትዮጵያ ጎዳና፣ ደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ግቢ ውስጥ ጋሼ እንግዳ የሚባሉ ጡረተኛ የአማርኛ መምህር ይኖራሉ። የአይሁድ ልጅ ቤተ ክርስቲያን ምን ትሠራለች ያለ ይበል፤ ማክሰኞ ማክሰኞ እሳቸው ዘንድ ትማር ጀመር። የምታጠናው ገና በጊዜ ኮከብ መሥራት ያቆሙ ጋላክሲዎችን እንደሆነ፣ ከመካከላቸው የሚወጣ ኃይለኛ ነፋስ ለኮከብ መሥሪያ የሚሆነውን ጋዝ ጠራርጎ እንደሚያወጣው እየተደናቀፈች ነገረቻቸው።

ጋሼ እንግዳ አሰብ አደረጉና «አባትሽ ቀጥቃጭ አይደሉ? ወናፍ በያቸው» አሏት።

«ወናፍ ምንድን ነው?»

«የቀጥቃጭ እሳት ማናፈሻ ነዋ፤ ከቆዳ ይሠራል። በልክ ካናፈሱት እሳቱ ይነዳል። ልክ ሲያልፍ ከሰሉን ይበትነዋል።»

አራት ዓረፍተ ነገር አብረው አሰናዱ። ኔታ በዕብራይስጥ ፊደል ጽፋ ያዘቻቸው። «በደንብ ልልመደውና ከቺሊ ስመለስ እነግረዋለሁ» አለች። እዚያ ባለው ትልቅ ቴሌስኮፕ ለመሥራት ሁለት ዓመት ወረፋ ጠብቃለች፤ ሥራው ሦስት ሳምንት ነው። ወይ ስመለስ!

በሄደች በአራተኛው ቀን ፈጠነ ሞተ። ቀበሩት፤ ሺቫውን፣ ሰባቱን የሐዘን ቀን፣ ተቀመጡ። ወንድሟ ኤራን ልደውልላት ቢል ሽማግሌዎቹ ተቆጡት። «መርዶ በስልክ? ደጋፊ በሌለበት አገር ብትወድቅስ?» እናቷ ሸዋነሽም ከእነሱ ጋር ሆነች። ኔታ በደወለች ቁጥር «ተኝቷል»፣ «ጸሎት ቤት ሄዷል» እየተባለች ከረመች። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ኔቬ ያዕቆብ ሁሉ ያወቀውን እሷ ብቻ አላወቀችም። ከሰማይ የሚመጣ ብርሃን የቆየ ወሬ መሆኑን ስታስተምር የኖረች ሴት ከስልክ የሚመጣውን አልጠረጠረችም።

ኤራን ከአውሮፕላን ጣቢያ ተቀብሎ «አባዬን ትንሽ አሞታል፣ ጠዋት እንሄዳለን» ብሎ ፒስጋት ዘኤቭ ሰፈር ያለው ቤቱ ወሰዳት። መኪናው ውስጥ አራቱን ዓረፍተ ነገር እየደጋገመች ስትለማመድ ሰማት። እሱ ግን መንገዱን እያየ መንዳቱን ቀጠለ። አለመናገሩ ዛሬም ይጸጽተዋል።

ጎሕ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። ሽማግሌዎቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ሸዋነሽን ከመካከላቸው አድርገው ገቡ። ኔታ ማንም ሳይናገር ገባት።

«መቼ?» አለች።

«ዛሬ አሥራ ስምንት ቀኑ» አሏት።

«እኔ ዘጠኝ ጊዜ ደውያለሁ። ዘጠኝ ጊዜ ዋሻችሁኝ።»

ከዚያ ልትወድቅ ስትል ሽማግሌዎቹ እንዳሉት ደግፈው ያዟት። ረጅም ሰዓት አለቀሰች። ሲወጣላት ከቦርሳዋ ወረቀቱን አውጥታ ልትቀድደው ስትል እናቷ እጇን ያዘቻት።

«ምን ይላል?»

«ለእሱ ነበር፣ እማዬ።»

«ለእኔ አንብቢልኝ። ቀድሜሽ የማገኘው እኔ ነኝ፤ እነግረዋለሁ።»

ኔታ እየተንተባተበች አነበበች። «አባዬ፣ እኔ የማየው ከዋክብት የሚሠሩበትን ምድጃ ነው። አንዳንዱ ምድጃ ገና በጊዜ ይጠፋል። ከመካከሉ ያለው ወናፍ ያለልክ አናፍሶ ከሰሉን ይበትንበታል። እኔ የምፈልገው፣ ለምን ያለልክ እንዳናፈሰ ማወቅ ነው።»

ሸዋነሽ ዓይኗን ጨፍና ሰማች።

«ድገሚልኝ» አለቻት፣ «እንዳልረሳው።»